ቃሬዛው አልዘመመም

የተያዝኩት ወረቀት እያረምኩ ነው። ቡታጅራ፣ ከመምህራን ማሰልጠኛው ጀርባ በተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ ነበርኩ። አንድ ብርጭቆ ሻይ አጠገቤ፣ የአርባ ሠልጣኞች ወረቀት ጭኔ ላይ ነበር። ሦስት ሰዎች በሩን ከፍተው ገቡ። አንደኛው ትሕትና ያለው ሰው ነው፤ "መምህር፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ" አለኝ። "ይህችን ልጨርስ?" አልኩት፣ በእጄ የያዝኳትን ወረቀት ማለቴ ነው። ትንሽ አሰበና "ሁሉንም ይዘውት ይምጡ" አለ። በዚህ ዓይነት በገዛ ራሴ ላይ የሚቀርበውን ማስረጃ በፌስታል አድርጌ፣ ራሴው ተሸክሜ መኪና ገባሁ። ቀይ እስክሪብቶዬን ግን እዚያው ተቀበሉኝ።

ተራራውን እስክንወጣ ማንም አላናገረኝም። አገናን ስናልፍ በመስኮቱ አንድ ጀፎረ አየሁ። ጀፎረ በጉራጌ መንደር በቤቶቹ ፊት ለፊት የሚዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ነው። የመንደሩ የጋራ ነው፤ ሰርግ በዚያ ይወጣል፣ ከብት በዚያ ይነዳል፣ ሬሳም በዚያ ያልፋል። ማንም ሰው ቆርሶ አያጥረውም። ይኸው ሣር ነው ያሳሰረኝ ብዬ ልስቅ ፈለግኩ።

ወልቂጤ ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ በጆንያ ቁመት ልክ የጠቆረ መስመር ነበረበት፤ ከሰዓት ሲሞቅ ደግሞ ከወለሉ የበርበሬ ሽታ ይነሣና አሥራ አንዳችንንም ያስነጥሰናል። አንዱ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የሚለው ካቦው ነበር። ካቦ ማለት ከእስረኞቹ መካከል ለክፍሉ ሥርዓት የሚመረጠው ሰው ነው። የኛው ካቦ የጉብሬ ባጃጅ ሹፌር፣ ለዝምታ ጊዜ የሌለው ልጅ ነበር። አዲስ ገቢ ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፤ ከዚያ የመኝታ ቦታ ይሰጠዋል።

"ፋዘር፣ በምን ገባህ?" አለኝ።

"በቤት ሥራ" አልኩት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ሳይሠራ ቀርቶ ነው ተሠርቶ?" አለ ካቦው።

"በጣም ተሠርቶ።"

"እኔ በክላክስ ነው የገባሁት" አለ። "ሰልፍ በነበረ ቀን ክላክስ አድርገህ ሕዝብ ቀስቅሰሃል አሉኝ። ፍየል እኮ ናት የገባችብኝ! ያስፈታህ መምህር፤ ከሽማግሌው አጠገብ ተኛ፣ እሳቸው አያንኮራፉም።"

ሽማግሌው በሩ ጋ ተቀምጠው ከአሮጌ ምንጣፍ የመዘዙትን ቃጫ ይገምዳሉ። ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ ሰላም አሉኝ። ከገቡ ሳምንት አልፏቸዋል፤ ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣቸውም ብሎ ካቦው በጆሮዬ ነገረኝ።

በቤት ሥራ ገባሁ ስል ቀልዴን አልነበረም። የማስተምረው ሥነ ጽሑፍ እንዴት እንደሚሰጥ ነው፤ ሠልጣኞቼ ነገ ገጠር ገብተው ልጆች የሚያስተምሩ ናቸው። ሞጁላችን ውስጥ ስለ መንገድ የሚናገር አንድ ግጥም አለ። ለዓመታት "መንገዱ የምን ምልክት ነው?" እያልኩ ጠይቄያለሁ፤ እነሱም "የሕይወት" ይሉኛል፤ እኔም "ጎበዝ" እላለሁ። አንዳችንም ምንም አይሰማንም። በዚያ ዓመት ሰለቸኝ። ሞጁሉን ዘጋሁና "የእናንተ አገር መንገድ የቱ ነው? እዚያ ላይ ምን አይታችኋል?" አልኳቸው።

አብዛኞቹ ቤታቸው የሚያወሩት ጉራጊኛ ወይም ስልጢኛ ነው፤ በአማርኛ ጻፉ ሲባሉ ያላቸው ሁሉ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አደረግኳቸው። አንዱ በሚቀናው ቋንቋ ይናገራል፣ ጓደኛው በአማርኛ ይጽፋል። እንዳይሣሣቁም ስም እንዳይጻፍ አልኩ። የትኛው ታሪክ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እሱንም በቃሌ።

አንዲት ልጅ የጀፎረን ነገር ተናገረች። ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሁልጊዜ ግድግዳ ጥግ የምትቀመጥ ልጅ ናት። የጻፈላት ልጅ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ቆሜ አነበብኩትና ሳልቀመጥ ደገምኩት። የመንደሩ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በጀፎረው ሲመጡ መንገዱ በሽቦ ታጥሮ ያገኙታል፤ ይኸው ነው ታሪኩ። መንደሩም ሟችዋም በስም አልተጠሩም፤ ያጠረውም ሰው እንዲሁ። እኔ ሆዬ፣ መምህር አይደለሁ? ከጎኑ በቀይ "ማን? ይብራራ" ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷም አብራራች። በዚያው ወረቀት ግርጌ ላይ ያጠረው ሰው ሥልጣኑና መሥሪያ ቤቱ ሳይቀር ቁጭ አለ።

ደስታዬ ወሰን አጣ። ወረቀቱን ኮፒ አስነሥቼ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጠፍኩት። አንዱ በስልኩ አነሣው፤ በማግስቱ በየቴሌግራሙ ሲዞር ዋለ፤ ከዚያ ባለሥልጣኑ ዘንድ ደረሰ። ሕዝብን ማነሣሣት የሚለው ክስ የመጣው እንዲህ ነው። ያንን ሁሉ ያመጣሁት በቀይ እስክሪብቶ ነው።

መርማሪዬ ጠረጴዛው ላይ ፌስታሌን ዘርግፎ ጠበቀኝ። አልጮኸብኝም፣ አልመታኝም። እንቅልፍ የጎደለው ወጣት ሰው ነበር።

"የማን ነው ይሄ?" አለ፣ የጀፎረውን ወረቀት ከሌሎቹ ለይቶ።

"የክፍሉ ሥራ ነው።"

"መምህር፣ እርስዎን አላንገላታም። የእጅ ጽሑፉን ካመሳከርኩ አገኘዋለሁ።"

"የጻፈው ሌላ፣ የተናገረው ሌላ ነው። ጸሐፊውን ቢያገኙ ስለ ጀፎረ አንድ ነገር አያውቅም።"

ወንበሩን ወደኋላ ገፋ። "ሠልጣኞቹ ለበዓል አገራቸው ገብተዋል። ሰኞ ለማጠቃለያ ፈተና ይመለሳሉ አይደል? እርስዎ ካልነገሩኝ ሰኞ ጠዋት አርባውንም ከፈተናው በር ላይ እጠራቸዋለሁ። ምርጫው የእርስዎ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ለራሴ መፍራት ተውኩ። ያቺ ልጅ ፈተናው ካመለጣት ዓመቷ መሄዱ ነው፤ እዚህ ግቢ ከገባች ደግሞ ከፈተናው የባሰ ይመጣል። ዝም ብል አርባዎቹ ሊጠሩ ነው። ብናገር እሷ። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሳመነዥክ፣ ባለቤቴ ከቡታጅራ ድረስ ያመጣችውን ስንቅ እንኳ በወጉ አልቀመስኩም። በር ላይ ጠባቂው ከእያንዳንዱ ሳህን እንድትቀምስ ያደርጋት ነበር፤ ከኔ ይልቅ የበላችው እሷ ናት።

ዓርብ ከሰዓት ካቦው አላስቀምጥ አለኝ። "እስኪ መምህር፣ ያሳሰረህን ድርሰት ንገረን። ሌላው ቢቀር በምን እንደታሰርክ እንመስክርልህ።"

ብዙ ጊዜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ። ምን ይሆናል ብዬ ጀመርኩ።

"ቃሬዛውን ይዘው በጀፎረው መጡ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አጥሩ አዲስ ነው፣ ሽቦው ገና ያብረቀርቃል። ከፊት የያዘው ሰው በመንደሩ ስብሰባ ተናጋሪ የሚባል ነው፤ ሁሉም እሱ አፉን እንዲከፍት ጠበቀ። አልተናገረም። እጁን አየ፣ ከዚያ ዞሮ በእንሰቱ መሐል ገባ። ቅጠሉ ተቀደደ፣ መሬቱ ጭቃ ነበር፣ ቃሬዛው ዘመመ ..."

"አልዘመመም።"

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። ሽማግሌው ቃጫውን ጭናቸው ላይ አኑረው ነበር።

"ምን አሉ አባባ?" አልኩ።

"ቃሬዛው አልዘመመም። ከፊት የያዝኩ እኔ ነኝ። የሞተች እናቴ ናት።"

 ሽማግሌው እኔን ትክ ብለው እያዩኝ "ማን ነው የጻፈ?" አሉ።

"አላውቅም" አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ጆሮ ነበር፤ ውሸቴ ግን ፊቴ ላይ እንደሚነበብ ተሰማኝ።

"ያን ቀን እጄን እንዳየሁ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው" አሉ። "ከጎኔ የሄደ።" ከዚያ ቃጫቸውን አነሡ።

ፀሐይ እንድንሞቅ ሲያወጡን ሌሎቹን አስቀድመው እኔ አጠገብ ቀሩ። ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን።

"ልጄ ደህና ናት?" አሉኝ ቀስ ብለው።

 የታሪኩ ባለቤት እሷ እንደሆነች አውቅ ነበር፤ ከፊት የያዘው ሰው አባቷ መሆኑን ግን አልነገረችንም። ወረቀቱ "አንድ ሰው" ብቻ ነው የሚለው።

"ደህና ናት አባባ። ጎበዝ ልጅ ናት። ሰኞ ትፈተናለች።"

"መታሰሬን አታውቅም። ለበዓሉም ቤት አልመጣችም፤ እዚያው ቀርታ ታጠናለች አሉኝ። እናቷን እንዳትነግሪያት ብያለሁ። ፈተናዋ ይበላሻል።"

ይህን ሲሉኝ ሁሉንም አፍረጠረጥኩት። "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው። "እሷ የሰውዬውን ነገር ትታው ነበር። ማን እንደሆነ ይብራራ ብዬ የጻፍኩባት እኔ፣ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ።"

"ታዲያ አይብራራ?" አሉ ግንባራቸውን ቋጥረው። "አጥሩ ከመሬት የበቀለ ነው? ሰው ነው ያጠረ። አንተ ደግሞ!"

በሕይወቴ ሰው ተቆጥቶኝ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

"ሌላ ምን አለች?" አሉ።

የመጨረሻውን መስመር ልተወው አሰብኩ። ከዚያ እኚህ ሰው ግማሽ ታሪክ ተሰጥቷቸው መሄድ የለባቸውም አልኩ። "'ሰውዬው ፈርቶ ይሆን? እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም' ብላ ነው የጨረሰችው።"

ጣታቸው ገመዱ ላይ ቆመ። 

"እናቴን ትከሻዬ ላይ ይዤ ከሰው ልጣላ?" አሉ። "አፌን ብከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ እሷን አሳረፍኩ። አርባዋን አወጣሁ። በማግስቱ ሄጄ ሽቦውን ፈታሁ፣ ጠቀለልኩ፣ ከሰውዬው ደጅ አስቀመጥኩለት። አንድ ሚስማር አልጎደለም። ንብረት አፈረስክ ብለው ነው እዚህ ያመጡኝ።" ከዚያ ቃጫውን ጠበቅ አድርገው ገመዱና "ያን እኔ ራሴ እመልስላታለሁ" አሉ።

የሰኞውን ነገር ነገርኳቸው። "ሰኞ" ብለው ብቻ ደገሙት።

ቅዳሜ ጠዋት ቆጠራ ላይ ተነሥተው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለጠባቂው "የመምህሩን መርማሪ እፈልጋለሁ" አሉ። ወሰዷቸው። ጥቂት ቆይቶ እኔም ተጠራሁ።

መርማሪው ግራ ገብቶታል። የሽማግሌው መዝገብ በሌላ መርማሪ እጅ ስለነበር ከኔ ጉዳይ ጋር አላገናኘውም። "መምህር፣ እኚህ ሰው ወረቀቱ የኔ ነው ይላሉ" አለኝ።

"ታሪኩ" አሉ ሽማግሌው። "ታሪኩ የኔ ነው። እናቴ ናት፣ ቃሬዛውን የያዝኩ እኔ ነኝ፣ አጥሩን የፈታሁ እኔ ነኝ። ቅር ያለው ሰው ካለ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ጻፍና ልፈርም።"

"ለማን ነገሩት?"

"ያን ቀን አገሩ ሁሉ ነበረ። ዓይን ያለው አየ፣ አፍ ያለው አወራ። አገሩን ሁሉ ልትጠራ?"

መርማሪው መጻፍ ጀመረ። ጨርሶ ወረቀቱን ሲያዞርላቸው እጃቸውን አልዘረጉም።

"ያልሰማሁትን አልፈርምም" አሉ። "የጻፍከውንም፣ ያንንም ወረቀት። የኔ ከሆነ ይነበብልኝ።"

ሕጉም ይህንኑ ይላል፤ መርማሪው ይህን ከኛ በላይ ያውቀዋል። ጉሮሮውን ጠረገና የሠልጣኜን ድርሰት፣ እዚያ ቢሮ ውስጥ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ሮጠበት። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። "እጁን አየ" የሚለው ላይ ቆም ብሎ የሽማግሌውን እጅ አየ። እኔም የሙያ ነገር ሆኖብኝ በልቤ ለአነባበቡ ከአሥር ስምንት ሰጠሁት። በጠርዙ ላይ ያለውን የኔን ቀይ ጽሑፍ ሳይቀር "ማን? ይብራራ" ብሎ አነበበው፤ ሽማግሌው ከንፈራቸው ሥር ፈገግ ሲሉ አየሁ።

"ቃሬዛው ዘመመ የሚለው ይስተካከል" አሉ ሲያበቃ። "አልዘመመም።"

"አባት፣ ይሄ እኮ ለመዝገቡ ምንም አይጠቅምም።"

"ለናቴ ይጠቅማል።"

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሣና በቃላቸው ግርጌ ጻፈው፤ ሲጽፍም ድምፁን አሰማላቸው፦ "ቃሬዛው አልዘመመም።"

"መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄስ? ፈርቶ ይሆን የሚለው?"

"እሱ ይቆይ። ጥሩ ጥያቄ ነው።"

ፈረሙ። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየሣሉ። መርማሪው ወረቀቱን ሊያነሣ እጁን ሰደደና ተወው። ዓይኑ ከሳቸው ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደኔ ሄደ።

"ልጅ አለዎት?" አለ።

"አለችኝ።"

"ምን ትሠራለች?"

 ሽማግሌው መዋሸት የሚያውቁ ሰው አልነበሩም።

"ፈተና እያጠናች ነው" አሉ።

 መርማሪው የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ። ይህቺን የመጨረሻዋን መልስ አልጻፋትም። "ወደ ክፍላችሁ ተመለሱ" አለን፣ "የወረቀቱ ባለቤት ታውቋል።"

ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ግድግዳውን ይዤ እንደ ሕፃን ሳቅሁ፤ እንባዬም አብሮ ወረደ። ሽማግሌው ክንዴን ደግፈው "ቀስ፣ ቀስ" እያሉ ወሰዱኝ። ያን ቀን ባለቤቴ ያመጣችውን ቆጮ በጎመን ከካቦውና ከሳቸው ጋር ሳህኑን እስክንጠርግ በላነው። እፎይታ እንደዚያ የሚያስርብ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሰኞ ማንም ከፈተናው በር ላይ አልተጠራም። እኔ በሳምንቱ በዋስ ወጣሁ፤ ካቦው ከኔ ሁለት ቀን በፊት ክላክስ እያሰማ፣ በአፉ ማለቴ ነው፣ ወጥቷል። ሽማግሌው ትንሽ ቆዩ። የአገር ሽማግሌዎች እዚያው ጀፎረው ላይ ተቀምጠው ነገሩን ከጨረሱ በኋላ ተፈቱ። ሽቦው ተመልሶ አልተተከለም። ክሴ ተዘጋ የሚል ወረቀት እስካሁን አልደረሰኝም፤ የሚፈልገኝም አልመጣም።

እሳቸው ከተፈቱ በኋላ፣ ወደ ክፍሌ በተመለስኩ ቀን ልጅቷን ወደ ጎን ጠርቼ "አባትሽ ቃሬዛው አልዘመመም ብለዋል" አልኳት። ሌላ ምንም ማለት አላስፈለገኝም። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሮጠች፣ ቅዳሜም አገሯ ገባች። ያልጠየቀችውን ጠይቃ እንደተመለሰች ከአረማመዷ አወቅኩ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ጥግ ተቀምጣ አላየኋትም።

አሁንም አስተምራለሁ። ቀይ እስክሪብቶ አልመለሱልኝም፤ እኔም ሌላ አልገዛሁም፤ በሰማያዊ አርማለሁ። "ማን? ይብራራ" ማለቴን ግን አልተውኩም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደ ሞጁሉ ተመለስ፣ ምልክት ምልክቱን አስተምር ይሉኛል። ልቤ ፈራ ስል የሽማግሌውን "ታዲያ አይብራራ?" እሰማዋለሁ። አሁን በር ላይ ከመለጠፌ በፊት ባለቤቱን እጠይቃለሁ፤ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

በቅርቡ ልጅቷ አገና አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ስታደርግ ለመገምገም ሄድኩ። የመንገዱን ግጥም ነበር የያዘችው። ግጥሙን አንድ ጊዜ አነበበችላቸውና መጽሐፉን ዘጋች፤ ከዚያ ልጆቹን ሁሉ ይዛ ወጣች፣ ወደ ጀፎረው። ሣሩ ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አወቅኳቸው። ሮጬ ላቅፋቸው ነበር፤ ገምጋሚ መሆኔን አስታውሼ ቅጼን ይዤ ከልጆቹ ኋላ ተቀመጥኩ።

አባቷ ታሪኩን በጉራጊኛ ነገሯቸው፤ እሷ ከጎናቸው ቆማ ልጆቹ በአማርኛ እንዲጽፉት አገዘቻቸው። አጥሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። አንዲት ትንሽ ልጅ ብድግ ብላ "ፈርተው ነበር?" አለቻቸው። ከልጃቸው ጋር ተያዩ።

"በጣም" አሉ። "እንዳይወድቅብኝ ፈርቼ ነበር።"

ጨርሰው ሲያበቁ ከልጆቹ ራስ በላይ እኔን አዩኝ። ያቺ የቢሮዋ ፈገግታ ከንፈራቸው ሥር ነበረች።

"መምህር፣ ይብራራ?" አሉኝ።

"ግልጽ ነው አባባ" አልኳቸው።